«ማን አስነሳት?»

ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥታ «ስለ አንድ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሥራ የሚያስረዳ ዲጂታል ፖስተር ሠርታችሁ ኑ ተብለናል» ብትልዎት ምን ይመልሱላታል? እኔ ያልኩትን ልንገርዎትና ይፍረዱኝ። «ኢንተርኔት አለ አይደል? ከዚያ አውጪና ሥሪ» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ቀና ብዬም አላየኋትም።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሥራው የሚቀርበው ከእረፍት መልስ ስለነበር ላፕቶፑን ይዛ አብራኝ ሐይቅ ሄደች። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ስሟን ከውኃው በወሰደችው ከተማ። በመጀመሪያው ምሽት ቡናው አቦል ላይ እንዳለ ልጄ «ጨረስኩ!» ብላ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው።

ፖስተሩ ያምር ነበር። ችግሩ፣ ካነበብኩት በኋላ ስለ ሥዕሉ ምንም አለማወቄ ነው። ሥዕሉ ራሱ አንድ ጥግ ላይ ተገፍቶ የቴምብር ያህል አክሏል። ለጽሑፉ ቦታ ለማግኘት ሲባል የታችኛው ክፍል ተቆርጧል። የቀረውን ቦታ የሠዓሊው የሕይወት ታሪክ፣ የትምህርት ዘመን፣ የኤግዚቢሽን ዝርዝር ሞልቶታል። በሴቲቱ ፊት ላይ ደግሞ ርዕሱ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል።

«ይህቺ ሴት ማን ናት?» አልኳት።

«ጉሊት ቸርቻሪ።»

«ምን እያደረገች ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየው ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች። ከእኔ «አውጪና ሥሪ» የተወለደው ፖስተር ይህ ነበር። ያን ምሽት ከእንደገና ጀመርን፤ ዛሬ የማወራዎትም በዚያ ሳምንት ሦስታችን፣ ልጄ፣ እናቴና እኔ፣ የተማርነውን ነው።

የወልድያው ሠዓሊ

ልጄ የመረጠችው የታደሰ መስፍንን ሥራ ነው። ምክንያቷ ቀላል ነበር፤ «የእማማ አገር ሰው ናቸው» አለች። እውነቷን ነው። ከሐይቅ ተነሥቶ አምባሰልን፣ ውጫሌን እያለ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ወልድያ ይገባል፤ ታደሰ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለዱት እዚያ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከእነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተምረዋል። ቀጥለው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ትምህርታቸውን ገፍተው ተመለሱና፣ ዛሬ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በምንለው በዚያው በተማሩበት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ በራሷ የአገር አዳራሽ ስትሳተፍ የቀረበው የእሱ ሥራ ነበር።

ታደሰ መስፍን በቅርብ ዓመታት ይበልጥ የታወቁበት ተከታታይ ሥራ «ፒላርስ ኦፍ ላይፍ» ይባላል፤ በአማርኛ «የሕይወት ምሰሶዎች» ልንለው እንችላለን። ሥዕሎቹ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠሩ ናቸው። ሰዎቹ ሁሉ እርስዎም እኔም በየሰፈራችን የምናልፋቸው ሴቶች ናቸው፤ የጉሊት ነጋዴዎች። አዲስ አበባና ለንደን ላይ የሚሠራው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ እነዚህን ሥዕሎች ለዓለም ገበያና ለተመልካች አቅርቧቸዋል። እንግዲህ በእናቴ ደጃፍ የተለመደው ነገር ለንደን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው።

የእናቴ ጥያቄ

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሥዕሉን ብቻ፣ ያለምንም ጽሑፍ፣ ስልኳ ላይ ከፍታ ለእናቴ ሰጠቻት። «እማማ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለቻት።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩን በክንዷ ልክ አርቃ፣ ከዚያ አቅርባ፣ እንደገና አርቃ አየችው። ከእኔም ከልጄም ይበልጥ ረጅም ጊዜ አየችው ብል አላጋነንኩም።

«ይቺ ጉሊት ናት?» አለች።

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ማን አስነሳት?»

አልገባንም ነበር። እናቴ ቀጠለች፤ «እኛኮ ተቀምጠን ነው የምንሸጥ። መደባችንን ደርድረን፣ እግራችንን አጥፈን። የምንነሣው ወይ ዝናብ ሲመጣ፣ ወይ ሲመሽ፣ ወይ ተነሡ ስንባል ነው። ይቺ ግን ቆማለች። የሚያባርራት ሰው ያለም አይመስል። ማን አስነሳት?»

ልጄ እስክሪብቶ ፍለጋ ሮጠች።

ለካ ኢንተርኔት ላይ ስታገላብጥ ካመሸችው ሁሉ ይበልጥ ስለ ሥዕሉ የሚናገረው ይህ ጥያቄ ነበር። የጉሊት ሴት ሁልጊዜ የምትታየን ከላይ ወደ ታች ነው። እኛ ቆመን፣ እሷ ተቀምጣ፤ «መደቡ ስንት ነው?» እንላለን፣ ጎንበስ ብለን እናነሣለን፣ እናልፋለን። በታደሰ መስፍን ሸራ ላይ ግን ሴቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሰውነታቸው እንደ ዓምድ ወደ ላይ ተስቧል። የሚሸጡት ነገር ዝርዝሩ ቀርቶ ወደ ቅርጽና ወደ ቀለም ተለውጧል፤ ሴቶቹ ግን ፊት ለፊት ቆመው ቀና ብለን እንድናያቸው ያስገድዱናል። የተከታታዩ ስም ምሰሶ መሆኑም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ምሰሶ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቤቱን የሚይዘው ቆሞ ነው። የመጀመሪያው ፖስተር ሥዕሉን ከግርጌው መቁረጡ ምን ያህል ስሕተት እንደነበር ያኔ ገባን። ከሥሩ የተቆረጠ ምሰሶ ምን ይሸከማል?

እንግዲህ እርስዎም ከልጅዎ ጋር ስለ አንድ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ ወይም ፎቶግራፍ ፖስተር ለመሥራት ቢቀመጡ የሚከተለውን ይሞክሩ። እኛ ወድቀን የተማርነው ስለሆነ እርስዎ ሳይወድቁ ይጠቀሙበት።

መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ ንባብ

ማንኛውንም ጽሑፍ ከማንበብዎ በፊት ሥራውን ለአምስት ደቂቃ ብቻውን ይዩት። ስልኩን ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ያዙሩት፤ ለአያት፣ ለታናሽ ወንድም፣ ለቤት ሠራተኛዋ። «ምን ታያለህ? ምን ያስገርምሻል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም እንዳለ ይጻፉ። ሥነ ጥበብ ያልተማረ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለፖስተር ርዕስ ይሆናል። የኛም ፖስተር ርዕስ «ታደሰ መስፍን፦ ሕይወትና ሥራ» መሆኑ ቀርቶ «ማን አስነሳት?» ሆነ። ርዕሱን ያነበበ ሰው ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ይመልሳል፤ የፖስተር ትልቁ ሥራም ይኸው ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት ለሦስት ይክፈሉ። በመጀመሪያው ክፍል «ያየሁት»፣ በሁለተኛው «ያረጋገጥኩት»፣ በሦስተኛው «የመሰለኝ» ብለው ይጻፉ። ሴቲቱ መቆሟ ያየነው ነው። ሠዓሊው ወልድያ መወለዳቸው ያረጋገጥነው ነው። ሴቲቱ የቆመችው ክብር ለመስጠት ነው ማለት ግን፣ ሠዓሊው ሲናገሩ እስካልሰማን ድረስ፣ የመሰለን ነው። ልጆች፣ እኛም ጭምር፣ በጣም የምንሳሳተው የመሰለንን እንደተረጋገጠ ስንጽፍ ነው። «ሠዓሊው ይህን የሣሉት … ለማለት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካጋጠመዎት ልጅዎን «ማን ነገረሽ?» ይበሏት። መልስ ከሌላት «ለእኛ እንደሚመስለን» የሚል ትጨምርበት። ነውር የለውም፤ እንዲያውም አንባቢው ይበልጥ ያምናታል።

ሥዕሉ ባለቤት፣ ጽሑፉ እንግዳ

ከፖስተሩ ቦታ ቢያንስ ግማሹ የሥዕሉ ይሁን። አይቁረጡት፣ አያዙሩት፣ ቀለሙን «ለማሳመር» ማጣሪያ አይጫኑበት፤ ፊደልም አይጻፉበት። የፖስተሩን መደብ ቀለም ከሥዕሉ ውስጥ ከሚገኙት አንዱን፣ ያውም ለስለስ ያለውን፣ ቢወስዱ ሁለቱ አይጣሉም።

ከሥዕሉ ሥር መታወቂያው ይቀመጥ፤ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የተሠራበት ቁስ፣ ቁመቱና ስፋቱ፣ ፎቶው የተገኘበት ቦታ። እንደ «ፒላርስ ኦፍ ላይፍ» ባለ ተከታታይ ሥራ እያንዳንዱ ሸራ የራሱ መለያ ስም ስለሚኖረው ጋለሪው እንደጻፈው አድርጎ መገልበጥ ያስፈልጋል። የአንዱን ሥዕል መረጃ ከሌላው ሥዕል ሥር ማስቀመጥ የአንዱን ልጅ ፎቶ በሌላው ልጅ የልደት ወረቀት ላይ እንደመለጠፍ ነው።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ላይ ሁሉም ነገር እኩል ነው። አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ስልክዎ ላይ ግን ከመዳፍ አይበልጥም። ስለዚህ ከሥዕሉ ጎን በተመጣጠነ መጠን የአንድ ሰው ጥላ ቅርጽ ያስቀምጡ። ሥራው ሰውን ያህላል ወይስ ቤትን? ተመልካቹ ሳያነብ ይረዳል።

ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው

ጽሑፉ ከ120 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል። ልጄ ከ400 በላይ ነበር የጻፈችው፤ እያነበብን «ይህ ሥዕሉን እንድናይ ይረዳናል?» ብለን ያልረዳውን ሰረዝነው። የሠዓሊው የትምህርት ዘመን ሁለት መስመር ቀረ። የኤግዚቢሽኑ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ወጣ።

የግዕዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አጋድሞ መጻፍም አያምርበትም። ስለዚህ አንድን ቃል ለማጉላት ያሉን መንገዶች መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ እንጂ ሦስቱንም በአንድ ላይ አይጠቀሙ። ፊደሎቻችን ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። እንደ ካንቫ ባሉ መተግበሪያዎች ሲሠሩ አንዳንድ የፊደል ዓይነቶች ግዕዝን ስለማያውቁ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ያስቀምጡልዎታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ የሚገኙና ጥርት ብለው የሚነበቡ ናቸው። ሁለት ዓይነት ፊደል ይበቃል፤ አንዱ ለርዕስ፣ አንዱ ለጽሑፍ።

ለስልክ የሚሆን ፖስተር 1080 በ1350 ፒክስል ቢሆን በቂ ነው። በኤስሪ ወረቀት ጥርት ብሎ እንዲታተም ከፈለጉ ግን ከመጀመሪያው 3508 በ4961 ፒክስል አድርገው ይጀምሩ፤ ትንሹን በኋላ ማሳደግ ያደበዝዘዋል። ሲጨርሱ በፒኤንጂ ያስቀምጡት። በቴሌግራም ሲልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቅና ትንንሾቹ ፊደሎች ይሟሽሻሉ። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ይህ ነው፤ ስልኩን በክንድዎ ልክ፣ እንደ እናቴ፣ ያርቁት። ርዕሱ ካልተነበበ ያሳድጉት።

የሰው ንብረት ነው

ሥዕሉ ኢንተርኔት ላይ መገኘቱ የሁሉም ነው ማለት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት በሠዓሊው ዕድሜ ዘመንና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለክፍል ሥራ ሠርቶ ለመምህር ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ፖስተሩን ለሕዝብ መልቀቅ ወይም አሳትሞ መሸጥ ሌላ ነው። ለሁለተኛው ፈቃድ ይጠይቁ። ልጅዎ ለጋለሪ ወይም ለሠዓሊ ጨዋ የሆነ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ብትለማመድ ከፖስተሩ የማይተናነስ ትምህርት ታገኛለች።

ሐይቅ ያለው መጽሐፍ

ይህን ሁሉ ስንሠራ የእናቴ ቤት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙም አይርቅም ነበር። በዚያ ገዳም የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የተጻፈ የብራና መጽሐፍ አለ። በውስጡ ሥዕሎች አሉት፤ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የራሳቸው ሥዕልም ይገኝበታል። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ሥዕል ሲሥሉ ማን እንደሆነ ከጎኑ በአጭሩ ይጽፉ ነበር። በኋላ ዘመንም የንግሥት ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፍለው ሲሥሉ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ መስመር አማርኛ ጣል ያደርጉ ነበር። ሥዕልን ከአጭር ጽሑፍ ጋር ማስኬድ ከካንቫ በፊት የምናውቀው ሙያ ነው።

ያን ወንጌል ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴት አትገባም፤ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ልጄም የታደሰ መስፍንን ሸራ በአካል አላየችም። እናቴ ደግሞ ለንደን ቀርቶ አዲስ አበባ ያለ ጋለሪ ገብታ አታውቅም። ጥሩ ፖስተር የሚሠራው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው። መድረስ ላልቻለ ሰው በር ሊሆን ይችላል፤ በሩ ግን መስኮቱን ከሸፈነ፣ እንደ መጀመሪያው ፖስተራችን፣ ባይኖር ይሻላል።

ሥራሽን ምን ልበል?

ልጄ በመጨረሻ ከሥዕሉ ግርጌ የአያቷን ንግግር በአጭሩ ለማስገባት ፈለገች፤ «እኛ ተቀምጠን ነው የምንሸጥ፤ ይቺ ግን ቆማለች» የሚለውን። ፈቃድ ጠየቀቻት። «አብሽሪ፣ ጻፊው» አለቻት እናቴ። ንግግሩ የሠዓሊው ሳይሆን የአንዲት ተመልካች መሆኑ እንዲታወቅ ከሥሩ ስሟንና ሥራዋን መጻፍ ነበረባት።

ወደ እኔ ዞረች። «የእማማን ሥራ ምን ልበል?»

ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቄ አውቃለሁ። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ልማር ስገባ ቅጽ ሞልቼ ነበር፤ «የእናት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ እናቴ ሐይቅ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ እየደረደረች፣ ለኔ የቤት ኪራይና የደብተር ትልክ ነበር። የቤት እመቤትነት ክብር ያለው ሥራ ነው፤ የኔ ግን ውሸት ነበር። ጓደኞቼ እንዳያውቁ ነው። ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም፤ ይህን የምጽፈው ትናንት ማታ ስልክ ደውዬ ከነገርኳት በኋላ ነው። «አውቄ ነበር» አለችኝና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች።

ያን ዕለት ግን ለልጄ ጥያቄ መልሱን ለመስጠት አልዘገየሁም።

«ጉሊት ቸርቻሪ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ሰማችን። የጀበናውን ክዳን መለስ አድርጋ፣ «ሐይቅ ገበያ ብለሽ ጨምሪበት» አለች። «የት እንደሆነ ይወቁት።»

ልጄ ጨመረችበት። ፖስተሩ 97 ቃላት ሆነ።